ምዕራፍ ዘጠኝ፦ አድራጊው ማን ነው?

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች፤ በዚህ ምዕራፍ ሦስት ነገሮችን አያይዛችሁ ትማራላችሁ። በመጀመሪያ ስለ አገራችን የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የሚናገር ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎ በምንባቡ ውስጥ የሚገኘውን አንድ ግሥ መሠረት በማድረግ አምስቱን አዕማደ ግሥ ትመለከታላችሁ። በመጨረሻም አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ ትለማመዳላችሁ። ሦስቱ ትምህርቶች የተለያዩ ቢመስሉም የሚያስተሳስራቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «አድራጊው ማን ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በሰዋስው ክፍለ ጊዜ የግሥን ባለቤት ለማግኘት ይጠየቃል። በፍርድ ቤት ደግሞ ጥፋተኛውን ለማግኘት ይጠየቃል።

ለ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።

1. በምትኖሩበት ሠፈር የሚያልፍ ወንዝ ወይም የጎርፍ መውረጃ አለን? በበጋ ምን ይመስላል? በክረምትስ?
2. አንድ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት በወንዝ ዳር ሲደፋ ብታዩ ለማን ትናገራላችሁ?
3. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለአካባቢ ጥበቃ እንዴት ሊጠቀስ ይችላል?

ሐ. ምንባብ

ደረቁ ወንዝና ሕጉ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ እስከ ተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲዱ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ባቡሩ በቆላው ሜዳ ላይ ቀረ፤ ከተማዪቱም ባቡሩ በቀረበት ስፍራ አደገች። ይህ አቀማመጧ ንግድን አመጣላት። ነገር ግን በስተደቡብ ካለው ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ሁሉ ተቀባይ አደረጋት።

ጎርፉ ከሚወርድባቸው መንገዶች ዋናው ደቻቱ ነው። ደቻቱ ከዚራን ከመጋላ እየለየ ከተማዪቱን ለሁለት ከፍሎ ወደ ሽንሌ ሜዳ ያልፋል። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለበትም፤ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። በበጋ እግረኛ ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገረዋል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ በአጠገቡም የቀፊራ ገበያተኛ ይገበያያል። ደረቅ ወንዝ ሰውን ያዘናጋል። ውኃ የሌለበትን ስፍራ ሰው ባዶ መሬት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ባዶ የመሰለውንም መሬት አንዱ ቤት ይሠራበታል፣ ሌላው ቆሻሻ ይጥልበታል።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሕዝቡ በተኛበት ሰዓት፣ በደጋው ላይ ከባድ ዝናም ጣለ። ውኃው ከተራቆቱት ኮረብታዎች ላይ ድንጋይና አፈር እየጠራረገ ወረደ፤ ደቻቱም ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ከገደቡ ወጣ። በወንዙ ዳርና ዳር የነበሩ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተወሰዱ። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ያለ መጠለያ ቀሩ።

ከአደጋው በኋላ ሰዎች ስለ ምክንያቱ ሲነጋገሩ የሚከተለውን የመሰለ አነጋገር ይሰማ ነበር፦ «ደኑ ተመነጠረ፤ ኮረብታው ተራቆተ፤ ቤቱ በወንዝ ዳር ተሠራ፤ ቆሻሻው በመውረጃው ተጣለ።» ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ በአራቱም ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ድርጊቱ እንጂ አድራጊው የለም። ማን መነጠረ? ማን አራቆተ? እንዲሠራስ ማን ፈቀደ? ዝናሙ የሰው ሥራ አይደለም፤ ማንም አይጠየቅበትም። ጎርፉን የከፋ ካደረጉት ነገሮች ብዙዎቹ ግን የሰው እጅ ያለባቸው ናቸው። የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የሚጀምረውም ይህን አድራጊ ከመፈለግ ላይ ነው።

በአገራችን ሕግ ይህ ፍለጋ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታና በድምፅ ከመጠን በላይ እንዳያስቸግር ይደነግጋል። በ1957 ዓ.ም. ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደንና ለጥበቃ ስለሚከለል ደን ሦስት አዋጆች ወጡ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት አዋጅ ታወጀ። በዚህ መካከል የዓለም መንግሥታት በ1964 ዓ.ም. በስቶክሆልም፣ በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጄኔሮ ተሰብስበው አካባቢን መጠበቅ የሁሉም አገር ግዴታ መሆኑን ተነጋገሩ። ቢሆንም እስከዚያ ዘመን ድረስ የአገራችን ሕጎች ደኑን ለብቻ፣ ውኃውን ለብቻ፣ ጎረቤትን ለብቻ የሚመለከቱ ነበሩ። አየሩን፣ አፈሩንና ውኃውን አንድ አድርጎ «አካባቢ» ብሎ የሚጠራና የሰው መብት አድርጎ የሚቈጥር ሕግ ገና አልወጣም ነበር።

ይህ መብት የመጣው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ተደንግጓል። አንቀጽ 92 ደግሞ የልማት ሥራ አካባቢን እንዳያጠፋ፣ ሥራው የሚነካው ሕዝብም አስቀድሞ እንዲመክርበትና አሳቡን እንዲሰጥበት ይላል። በመጨረሻም አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ አንቀጽ 44 ለእያንዳንዳችሁ መብት ሲሰጥ፣ አንቀጽ 92 ለእያንዳንዳችሁ ግዴታ ይሰጣል።

ሕገ መንግሥት ጠቅላላ አሳብን ይናገራል፤ ዝርዝሩን የሚናገረው አዋጅ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሁለት ዋና ዋና አዋጆች ወጡ። የመጀመሪያው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሲሆን ዓላማው «ሳይቃጠል በቅጠል» ከሚለው ብሂል ጋር አንድ ነው። በአካባቢ ላይ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ፋብሪካ ወይም ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያደርሰው ጉዳት ተጠንቶ ፈቃድ እንዲገኝለት ያዛል፤ የጥናቱም ጽሑፍ ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያደርጋል። ሁለተኛው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ይህ አዋጅ ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል፣ ሌላውንም ሰው እንዲበክል እንዳያደርግ ይከለክላል። የበከለ ሰው የበከለውን ያጸዳል፤ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። ጉዳቱ ለሰው ጤና ወይም ለአካባቢ የሚያሰጋ ሲሆን ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ስፍራ እስከ ማዛወር የሚደርስ እርምጃ ሊወሰድበት ይችላል። የአካባቢ ተቈጣጣሪዎችም አስቀድሞ ማስታወቅ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ማምጣት ሳያስፈልጋቸው ወደ ማንኛውም ግቢ ገብተው መመርመር እንዲችሉ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል።

ነገር ግን ከአዋጁ ሁሉ ለተራው ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው አንቀጽ 11 ነው። በሌላ ጊዜ አንድ ሰው ለመክሰስ ሲነሣ «አንተን ምን ነካህ? ምን ጥቅምህ ቀረ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥቅሙ የተነካ መሆኑን ማስረዳት ካልቻለ ክሱ አይሰማለትም። በዚህ አንቀጽ ግን ያ ጥያቄ ቀርቷል። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደረሰ ወይም ሊያደርስ የሚችል ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ሊል ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በተሰጠው ውሳኔ አቤት ባዩ ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። የሕግ አውጪው አሳብ ግልጽ ነው፤ ደረቁ ወንዝ አፍ የለውም፤ ስለዚህ አፍ ያለው ሁሉ እንዲናገርለት ተፈቅዷል።

ከዚህ በኋላም ሕጉ እየተዘረዘረ ሄደ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 519 ሕግን ተላልፎ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀ ሰው እስከ 10,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ፣ ብክለቱ በሰው ጤና፣ በሕይወት ወይም በአካባቢ ላይ ከባድ ጉዳት ካስከተለም ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲደርስ ደነገገ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቆሻሻን በመንገድ፣ በውኃ መውረጃና በአደባባይ መጣልን ከለከለ፤ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆኑና በስብሰው ከአፈር የማይቀላቀሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን መሥራትና ማስገባትንም አገደ። ይህ ሁሉ ሆኖ ፌስታሉ ከገበያውም ከወንዙም ስላልጠፋ፣ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተገልግለው የሚጥሏቸውን የፕላስቲክ ከረጢቶች የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። አዲሱ አዋጅ ከሠሪውና ከአስመጪው አልፎ ሻጩንና ተጠቃሚውን ጭምር ይመለከታል። አድራጊው አንድ አለመሆኑን ሕጉ ከልምድ ተምሯል ማለት ነው።

ብክለት ሁልጊዜ በዓይን የሚታይ አይደለም። የድሬዳዋ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ከምድር ውስጥ የሚቀዳ ነው። በሳቢያን አካባቢ ባሉት የውኃ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት የተባለው ንጥረ ነገር በውኃው ውስጥ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይተዋል። ናይትሬት ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከልዩ ልዩ ቆሻሻ እየሰረገ ወደ ምድር ውኃ የሚወርድ ሲሆን፣ ይልቁንም ለሕፃናት አደገኛ ነው። ይህን ውኃ ማን በከለው? አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ነጋዴ ብቻውን አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ጥቂት ጨምሮበታል። በአጎራባቹ የሐረማያ ሐይቅ የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ ገበሬ ለመስኖ፣ ከተማዎቹም ለመጠጥ ከሐይቁ ሲቀዱ ኖረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ውኃው መመለስ ቢጀምርም፣ በደረቀበት ዘመን «እኔ አደረቅሁት» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ታዲያ ይህን ያህል ሕግ ካለ አካባቢያችን ስለ ምን አልዳነም? ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ሲኖር ተቈጣጣሪው ጥቂት፣ መመርመሪያ መሣሪያውም አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ውኃ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። የደቻቱ ጎርፍ የሚነሣው ከድሬዳዋ ወሰን ውጭ ካሉት የምሥራቅ ሐረርጌ ኮረብታዎች ጭምር ስለ ሆነ፣ ከተማዪቱ ብቻዋን ዛፍ በመትከል ጎርፉን ልታቆመው አትችልም። ሦስተኛ፣ አቤት የሚለው ሰው አድራጊውን ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የሰብአዊ መብት ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የተነሣ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አዲስ አበባ ላይ በፍርድ ቤት ከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። በጊዜው ካከራከሩት ነጥቦች አንዱ «የተከሰሰው ራሱ በካይ ነው ወይ?» የሚለው ነበር። ወንዞቹ መበከላቸው በዓይን የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩ «ማን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ተሰናከለ።

ከ1998ቱ አደጋ ወዲህ በደቻቱ ግራና ቀኝ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ውኃውን ሊገታ ይችላል። ፌስታል የሚጥለውን እጅ፣ ዘይት የሚደፋውን ባልዲ፣ ኮረብታውን የሚመነጥረውን መጥረቢያ ግን ሊገታ አይችልም። ያን ሊገታ የሚችለው አይቶ ዝም የማይል፣ ያየውንም በሥርዓት ጽፎ ለሚመለከተው የሚያቀርብ ሰው ነው። ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ሲል ዕድሜ አልጠየቀም፤ ሀብትም አልጠየቀም። እናንተም «ማንኛውም ሰው» ከሚለው ውጭ አይደላችሁም።

መ. የምንባብ ጥያቄዎች

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ደረቅ ወንዝ ሰውን ያዘናጋል የተባለው ስለ ምንድን ነው?
2. በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 እና አንቀጽ 92 መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ።
3. አዋጅ ቁጥር 299/1995 «ሳይቃጠል በቅጠል» ከሚለው ብሂል ጋር የተነጻጸረው ለምንድን ነው?
4. የአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ከተለመደው የክስ ሥርዓት በምን ይለያል?
5. የድሬዳዋን የምድር ውኃና የሐረማያን ሐይቅ ጉዳይ የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው?
6. ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት በማጥፋት አንድ ትልቅ ጉዳት ቢያደርሱ፣ ሕግ እንዴት ሊዳኛቸው ይገባል ትላላችሁ? በምክንያት አስደግፋችሁ ጻፉ።

ሠ. የቃላት ፍቺ

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ትርጉም አጥኑና እያንዳንዱን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡ።

መነጠረ፦ ደንን ወይም ቁጥቋጦን ቈርጦ ጨረሰ።
ተራቆተ፦ ልብሱን አጣ፤ ለመሬት ሲነገር ዛፍና ሣር አልባ ሆነ።
ደነገገ፦ በሕግ ወሰነ፤ ሥርዓት አወጣ።
ብክለት፦ የውኃ፣ የአየር ወይም የአፈር መቆሸሽና ጎጂ መሆን።
ሰረገ፦ ፈሳሽ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ዘለቀ።
ገታ፦ ያዘ፤ እንዳይሄድ ከለከለ።
አቤቱታ፦ በደልን ወይም ጥያቄን ለባለሥልጣን የማቅረብ ቃል ወይም ጽሑፍ።

ረ. ሰዋስው፦ አምስቱ አዕማደ ግሥ

አንድ ግሥ የድርጊቱን ባለቤት በልዩ ልዩ መንገድ ለማሳየት አምስት መልክ ይይዛል። እነዚህም አምስቱ አዕማድ ይባላሉ። «በከለ» የሚለውን ግሥ ወስደን እንመልከት።

1. አድራጊ፦ በከለ። «ሰውየው አሸዋውን በዘይት በከለ።» ባለቤቱ ድርጊቱን ራሱ ይፈጽማል።
2. አስደራጊ፦ አስበከለ። «ሰውየው በሠራተኛው እጅ አሸዋውን አስበከለ።» ባለቤቱ በሌላ ሰው እጅ ያሠራል።
3. ተደራጊ፦ ተበከለ። «አሸዋው ተበከለ።» ድርጊቱ የተፈጸመበት ነገር ባለቤት ሆኖ ይቀርባል።
4. ተደራራጊ፦ ተበካከለ። «ሁለቱ ጉድጓዶች ተበካከሉ።» ድርጊቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል።
5. አደራራጊ፦ አበካከለ። «በመካከል ያለፈው ጎርፍ ሁለቱን ጉድጓዶች አበካከላቸው።» ባለቤቱ ሌሎች ድርጊቱን እርስ በርሳቸው እንዲፈጽሙ ምክንያት ይሆናል።

አሁን ወደ ምንባቡ ተመለሱ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው እንዳይበክል፣ ሌላውንም ሰው እንዲበክል እንዳያደርግ ይከለክላል ተብሏል። ይህ በሰዋስው ቋንቋ ሲነገር ሕጉ አድራጊውንም አስደራጊውንም አንድ አድርጎ ይይዛል ማለት ነው። ሠራተኛው «ታዝዤ ነው» ቢል፣ ጌታውም «እኔ በእጄ አልነካሁም» ቢል፣ የሁለቱም ግሥ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል።

ተደራጊ ግሥ በራሱ ስሕተት የለበትም። አድራጊው በማይታወቅበት ወይም መታወቁ አስፈላጊ ባልሆነበት ጊዜ በተገቢው ስፍራ እንጠቀምበታለን፤ «ከተማዪቱ በ1895 ዓ.ም. ተቆረቆረች» ብንል ጉድለት የለበትም። ነገር ግን አድራጊው እየታወቀ ስሙን ለመሸሸግ ሲባል ብቻ ተደራጊን መምረጥ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የእውነትም ጉድለት ነው። «ቆሻሻ ተጣለ» ያለ ሰው ራሱ የጣለው ሊሆን ይችላል።

በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣው «ማንኛውም» የሚለው ቃልም ሊታይ ይገባዋል። የቃሉ መነሻ «ማን» የሚለው መጠይቅ ነው። በላዩ «-ኛው» እና «-ም» ሲጨመሩበት ጥያቄነቱ ቀርቶ ሁሉን ጠቅላይ ይሆናል። ከአሉታ ግሥ ጋር «ማንም አይበክል» ስንል አንድም ሰው ከክልከላው አያመልጥም፤ ከአዎንታ ግሥ ጋር «ማንኛውም ሰው አቤት ይበል» ስንል ደግሞ አንድም ሰው ከመብቱ አይጎድልም።

መልመጃ አንድ

ሀ) «ገደለ»፣ «ቈረጠ»፣ «ሸጠ» የሚሉትን ግሦች በአምስቱ አዕማድ አውጡና በየአንዳንዳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩ። ግሡ የማይቀበለው ዐምድ ካለ ምክንያቱን ግለጹ።

ለ) የሚከተሉትን የተደራጊ ዓረፍተ ነገሮች ተስማሚ አድራጊ ፈልጋችሁ ወደ አድራጊ ለውጡ።
1. በኮረብታው ላይ የነበሩት ዛፎች ተቈረጡ።
2. የሞተር ዘይት በወንዙ ዳር ተደፋ።
3. በጎርፍ መውረጃው ላይ ቤት እንዲሠራ ተፈቀደ።
4. አቤቱታው ሳይታይ ቀረ።

ሐ) በ«ለ» ሥር ካሉት ዓረፍተ ነገሮች በተደራጊ ቢቀር የሚሻል አለን? ምክንያታችሁን ተናገሩ።

ሰ. ጽሕፈት፦ የአቤቱታ አጻጻፍ

አቤቱታ ከደብዳቤ ዓይነቶች አንዱ ነው። ዓላማው መሥሪያ ቤት አንድን ነገር እንዲመረምርና ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። ስድብ፣ ሐሜትና ግነት የበዛበት አቤቱታ የጸሐፊውን ቁጣ ይገልጥ ይሆናል እንጂ ለመርማሪው አይጠቅምም። ጥሩ አቤቱታ አጭር፣ ግልጽና በማስረጃ የተደገፈ ነው። የሚከተሉትን ሊይዝ ይገባዋል፦

1. የተጻፈበት ቀን፤
2. የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት ስምና አድራሻ፤
3. ጉዳዩ በአንድ መስመር፤
4. የአቤት ባዮቹ ማንነት፤
5. የነገሩ ሁኔታ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት እንዳደረገ፤
6. አቤቱታው የተመሠረተበት ሕግ፤
7. መሥሪያ ቤቱ እንዲያደርግ የሚጠየቀው ነገር፤
8. የማስረጃ ዝርዝርና ፊርማ።

ከእነዚህ ሁሉ አምስተኛው ዋና ነው። ያያችሁትን ካልሰማችሁት ለዩ። «ዘወትር ይደፋሉ» ከማለት «ማክሰኞና ዐርብ ከቀኑ በ11 ሰዓት ሁለት በርሜል ሲደፉ አይተናል» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ለክርክር ይጋብዛል፤ ሁለተኛው ለምርመራ መንገድ ይከፍታል።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን አቤቱታ ተመልከቱ። ነገሩ ለትምህርት የተፈጠረ ነው።

ቀን ..................

ለድሬዳዋ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በወንዝ ዳር ስለሚደፋ የተቃጠለ ዘይት

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሚገኘው፣ በ........ ሠፈር የምንኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። በሠፈራችን በስተምሥራቅ በኩል የሚገኘው ጋራዥ ሠራተኞች፣ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ማክሰኞና ዐርብ ከቀኑ በ11 ሰዓት የተቃጠለ የሞተር ዘይት በበርሜል እያወጡ በደቻቱ አሸዋ ላይ ሲደፉ ስድስት ጊዜ አይተናል። ዘይቱ የተደፋበት ስፍራ ጠቁሮ ይታያል። ከዚያ በታች ልጆች ይጫወታሉ፤ ፍየሎችም ይውላሉ። ዝናም ሲመጣ ዘይቱ በጎርፍ ተጠርጎ ወደ ታችኛው ሠፈር እንደሚወርድ፣ ወደ ምድር ውኃም ሊሰርግ እንደሚችል እንሠጋለን።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል፣ ሌላውንም እንዲበክል እንዳያደርግ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 11ም ማንኛውም ሰው አቤት የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ተቈጣጣሪ ልኮ ስፍራውን እንዲመረምርልን፣ ዘይት መድፋቱ እንዲቆምና የተበከለው አሸዋ በበካዩ ወጪ እንዲጸዳ እንዲያደርግልን፣ ውሳኔውንም በጽሑፍ እንዲያሳውቀን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

አባሪ፦ የስፍራው ንድፍ 1 ገጽ፤ ቀንና ሰዓት የተመዘገበበት ዝርዝር 1 ገጽ።

በዚህ አቤቱታ ውስጥ አራት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ አቤት ባዮቹ የጋራዡን ባለቤት አልሰደቡም። ሁለተኛ፣ ያዩትን «አይተናል»፣ የሚፈሩትን «እንሠጋለን» ብለው ለይተዋል። ሦስተኛ፣ «ዘይት ይደፋል» ብለው በተደራጊ አላለፉትም፤ የሚደፋው ማን እንደ ሆነ ጽፈዋል። አራተኛ፣ የሚፈልጉትን በግልጽ ጠይቀዋል። አቤቱታውን ሲያስገቡ ቅጂ ይዘው፣ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ማስጻፍ ይኖርባቸዋል፤ 30ው ቀን የሚቈጠርበት መነሻ ሊታወቅ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነውና።

መልመጃ ሁለት

1. በቡድን ሆናችሁ በሠፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አካባቢ ያለ አንድ ብክለት ለሁለት ሳምንት ተከታተሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያያችሁትን ብቻ መዝግቡ፤ ግምታችሁን ለብቻው ጻፉ።
2. በመዘገባችሁት መሠረት ከአንድ ገጽ ያልበለጠ አቤቱታ ጻፉ። ከዚያም ከሌላ ቡድን ጋር ተለዋወጡና እርስ በርስ ተራረሙ። ስታርሙም በእያንዳንዱ ግሥ ላይ «አድራጊው ማን ነው?» እያላችሁ ጠይቁ።
3. ብክለቱን የምታደርሱት እናንተው ራሳችሁ ሆናችሁ ብታገኙት ደግሞ አቤቱታ አትጻፉ። በመጀመሪያ መደብ፣ በአድራጊ ግሥ፣ ያደረጋችሁትንና የምታስተካክሉበትን መንገድ የሚገልጽ ባለ ሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።
4. «ወንዙ ተበከለ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ተነሥታችሁ «ወንዙን በከልነው» በሚለው የሚያበቃ አጭር ድርሰት ድረሱ። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት የድርሰታችሁ ፍሬ ነገር ይሁን።